ማታለያውን ራሳችን ብንሠራውስ?

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ አበው። አባባሉ ስለ እሾሁ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ገና ከመብላቱ በፊት ስለሚያስፈልገው ብልሃት ነው፤ ዓሣ ለማጥመድ በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሰው ሠራሽ ማታለያ። ርዕሱን የነገርኩት አንድ የክፍሌ ልጅ «የመመረቂያ ጽሑፍ የደረሰበት ሰው ቁጭ ብሎ ማንኪያ ይቆርጣል እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። የምለው አለኝና እስኪ ልቀጥል።

በመጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። መንጠቆ ላይ ትል ወይም ሊጥ ሰክቶ መጣል ሁላችንም በልጅነታችን ያየነው ነው። ያ ምግብ ነው። ማታለያ የምለው ግን የማይበላ ነገር ነው፤ ከእንጨት፣ ከቆርቆሮ፣ ከላባ ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ ውኃ ውስጥ ሲሳብ ትንሽ ዓሣ የሚመስል። በዋናነት የሚከተለው ሌላ ዓሣ አድኖ የሚበላ ዓሣ ነው። ቆሮሶ አልጌ ለቃሚ ስለሆነ ብዙም ግድ አይሰጠውም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በትምህርት ክፍላችን የዓሣ ትምህርት የሚወስድ ተማሪ ሁሉ አንድ ማታለያ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ውኃ ውስጥ ሞክሮ፣ ለምን እንደሠራለት ወይም ለምን እንዳልሠራለት አንድ ገጽ ጽፎ ማስረከብ አለበት ባይ ነኝ። እርሳስ የሚባለው ብረት ግን በፍጹም አይግባበት። የሁለተኛውን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱ የራሴ ጥፋት ነው።

ፊንላንድ ውስጥ ላውሪ ራፓላ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ተወልዶ በ1974 ያረፈ። ኑሮው ፓይየነ በሚባል ትልቅ ሐይቅ ላይ ነው፤ ኑሮ ግን አልሞላለትም። ሥራው በመረብና ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ማጥመድ ስለነበር ለእያንዳንዱ መንጠቆ ትንሽ ዓሣ እየያዘ መስካት ነበረበት። እንዲህ ሲመላለስ ውኃው ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ አስተዋለ። አዳኞቹ ዓሣዎች በትንንሾቹ መንጋ ላይ በጅምላ አይዘምቱም፤ ከመካከል አዋኛኘቱ የተበላሸውን፣ ወደ ጎን እየተንገዳገደ የሚሄደውን መርጠው ይነጥቃሉ። «ታዲያ ይህንን የተንገዳገደ ዓሣ እኔ ብሠራውስ?» ነው እንግዲህ ጥያቄው። እ.ኤ.አ. በ1936 ቡሽ በጫማ ሰፊ ቢላዋ ጠርቦ፣ የቸኮሌት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት አልብሶ፣ ቫርኒሽ የሚገዛበት ስላልነበረው የፎቶግራፍ ኔጌቲቭ አቅልጦ ቀባው። ሠራለት።

ከዚያ በኋላ ያለው የንግድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ማታለያው ጻፈ፤ ያው እትም ሽፋኑ ላይ በዚያው ወር የሞተችውን ማሪሊን ሞንሮን ይዞ ስለወጣ ብዙ ሰው እጅ ገባ፤ ትእዛዙም ጎረፈ። እኔን የሚገርመኝ ግን ንግዱ አይደለም። ሰውየው ያደረገው ነገር እኛ በመጀመሪያው ዓመት «የሳይንስ ዘዴ» ተብሎ የተማርነው እኮ ነው! ተመለከተ፣ ገመተ፣ ግምቱን በእንጨትና በወረቀት ሠራ፣ ዓሣውን ጠየቀ። ዓሣው ደግሞ ለማንም አያደላም። ግምቱ ስሕተት ከሆነ በቃ አይነክስም።

ከሱ በፊትም ጁሊዮ ቡዌል የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ከጀልባው ላይ ማንኪያ ሾልኮበት ውኃ ሲገባ አንድ ዓሣ ሲነጥቀው አየ ይባላል። ወሬው እውነትም ይሁን ተረት፣ እ.ኤ.አ. በ1852 በማንኪያ ቅርጽ ለተሠራ ማታለያ የፈጠራ መብት ማውጣቱ ግን የተመዘገበ ነው። ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሲሳብ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ብርሃን እያበራ እያጠፋ ይሄዳል። ያ የታመመ ዓሣ ጎን ነው።

ወደ ጣና እንምጣ። የጣና ትልልቅ ባርበሶች፣ በባሕር ዳር ገበያ «ነጭ ዓሣ» የምንላቸው፣ ለብዙ ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠሩ ነበር። ናጌልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ 15 ዝርያዎች መሆናቸውን ዘርዝረው አሳይተዋል። ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በሎች ናቸው። ከስምንቱ የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ላቤኦባርበስ ጎርጓሪ ነው፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ስሰማ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚመጣብኝ። ስሙን ያወጣለት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ሩፔል ነው።

ታዲያ እነዚህ ስምንቱ ለማታለያ ሠሪ አስቸጋሪ ጥያቄ ያቀርባሉ። ባርበስ ከካርፕ ቤተሰብ ነው፤ የካርፕ ቤተሰብ ደግሞ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንደ አርባ ምንጩ የናይል ፐርች አፉን ከፍቶ ትልቅ ነገር አይውጥም። (እዚያ ደግሞ «ነጭ ዓሣ» የሚሉት እሱን ነው። ገበያ ላይ ስም ብቻ ይዞ መሄድ እንዴት እንደሚያሳስት ተመልከቱ።) ስለዚህ የጣናው አዳኝ የሚመርጠው ትንሽና ቀጭን ነገር ነው። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ብርማ፣ በመንጋ የሚሄድ ትንሽ ባርበስ አለ። አዳኞቹ የሚከተሉት እሱን ነው። ከውጭ የሚመጣውን የአንድ መዳፍ የሚያህል ማታለያ ይዞ ጣና ላይ መወርወር ዶሮ ለለመደ ሰው በሬ ሙሉውን አቅርቦ ብላ እንደ ማለት ነው።

ይህንን እኔ ከመጽሐፍ አነበብኩት፤ የገባኝ ግን ስቀርጽ ነው። የመጀመሪያዬን ማታለያ ከወይን ጠርሙስ ቡሽ ነው የሠራሁት። ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሆዱ ወፈር ያለ፣ ጀርባው በቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ። ቀዩን የመረጥኩት ለእኔ ስላማረኝ ነው እንጂ ዓሣውን አልጠየቅኩትም። ቀይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ቀድሞ እንደሚዋጥ፣ ትንሽ ጠለቅ ሲል ቀዩ ቀለም ጥቁር እንደሚሆን ሁለተኛ ዓመት ላይ ተፈትኜበታለሁ፤ ጥያቄውንም መልሼዋለሁ። እጄ ግን አያውቀውም ነበር። ስድስት ቅዳሜ ወረወርኩ፤ ምንም።

ሁለተኛውን ስሠራ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። 6 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጭን፣ ጎኑ በማስቲካ ብርማ ወረቀት የተሸፈነ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቡሹን በቢላዋ ትጠርባለህ፣ በሻካራ ወረቀት ታለሰልሳለህ፣ ሆዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሰነጥቃለህ፤ ስንጥቁ ውስጥ ሁለት ጫፉ የተጠቀለለ ሽቦ ታስገባለህ። የፊተኛው ቀለበት ለክሩ ነው፣ የኋለኛው ለመንጠቆው። ሽቦው ወሳኝ ነው፤ ዓሣው ሲጎትት የሚይዘው ሽቦው እንጂ ቡሹ አይደለም። ከዚያ አፉ ሥር ከአሮጌ ሲዲ የተቆረጠ ትንሽ ከንፈር በኮላ ትለጥፋለህ። ውኃው ያንን ከንፈር ሲገፋው ነው ማታለያው ወደ ታች የሚጠልቀውና የሚንገዳገደው። ከንፈሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከተንጋደደ ማታለያው በጎኑ ይተኛል። ይህንን ሐይቅ ሄዶ ማየት አያስፈልግም፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል።

ሆዱ ላይ ትንሽ ክብደት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ይገለበጣል። የሚያሳፍረኝ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ስሠራ ክብደቱን ከእርሳስ ነው ያደረግኩት። አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ ሳህን ሰጠኝ። የተከራየሁበት ግቢ ኩሽና ውስጥ በአከራዮቼ የከሰል ፈርኔሎ ላይ፣ በሰርዲን ጣሳ አቀለጥኩት። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከሰል ሲርገበገብለት ይህንን በቀላሉ ያደርሰዋል። ጢሱ ዓይን ያቃጥል ነበር። የአከራይዋ ትንሽ ልጅ ከጎኔ ቁጢጥ ብላ «ጋሼ፣ ብር እየሠራህ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ለአንቺ ቀለበት» አልኳት። ሳቅን። ማታ በዚያው ፈርኔሎ ላይ ቡና ተፈላ፤ እኔም ሦስቱንም ጠጣሁ።

ከዓመት በኋላ በአካባቢ ብክለት ትምህርት ስለ እርሳስ ስንማር መምህሩ የዓለም ጤና ድርጅትን ጠቅሰው ጉዳት እንደማያስከትል የታወቀ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ነገሩን። ከአዋቂ ይልቅ የሕፃናትን አንጎል እንደሚጎዳ፣ የባትሪ ሳህን ደግሞ ንጹሕ ብረት ብቻ ሳይሆን ዱቄት ሆኖ የሚበን የእርሳስ ኦክሳይድና ሰልፌት እንዳለበት አስረዱን። ማስታወሻ መያዝ አቆምኩ። ያቺ ልጅ ቁጢጥ ያለችበት ቦታ ነው የታየኝ።

ለእናቷ ሄጄ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ እንዲህ እንዲህ አድርጌአለሁ» ብዬ። እሳቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ኋላ ሲገባቸው «ታዲያ አሁን ምን ላድርጋት?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ እንዳይጠርጉት ነግሬ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ወለወልኩ፣ አዲስ ፈርኔሎ ገዛሁላቸው። አሮጌውን ግን እኔ ሳልደርስ ለቁራሌው ሸጠውት ነበር። አሁን የማን ቤት ቡና እንደሚፈላበት አስባለሁ። ልጅቷ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ስታየኝ ቀለበቷን ትጠይቀኛለች።

ይህንን የምጽፈው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ ማታለያ ሥሩ ብሎ የሚመክር ሰው ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በኋላ «እርሳስ አቅልጡ» ማለቱ አይቀርም። ልማዱ እንዲያ ነው። ክሩ ላይ የምትቆነጠጠዋን ትንሽ እርሳስ በጥርሳቸው ነክሰው የሚያጣብቁ ልጆችንም አይቻለሁ። እንግሊዞች ከ28 ግራም ገደማ በታች የሆኑ የእርሳስ ክብደቶችን ለዓሣ ማጥመጃነት እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1987 የከለከሉት ለሰው ብለው እንኳ አይደለም፤ ስዋን የሚባሉት የውኃ ወፎች ከሥር ከጠጠር ጋር እየዋጧቸው ስለሞቱ ነው። የኛ ጣናም የይብራና የዳክዬ አገር ነው። ምትክ ደግሞ ሞልቷል። ለቡሽ ማታለያ አጭር ወፍራም ምስማር ይበቃል። ለከባድ ክብደት ብሎንና ዳዶ አለ፣ ጋራዥ በር ላይ የሚጣል የተቃጠለ ካንዴላ አለ። ካንዴላ ማሰሪያ ቦታው ተዘጋጅቶ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይመቻል። ለሁለተኛው ማታለያዬ ያደረግኩት ምስማር ነው፤ ምንም አልጎደለበትም።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ። ከመምህራን በኩል የሚመጣው «ለቱሪስት መጫወቻ የሚሆን ነገር ለአገሪቱ ምን ይሠራል? አጥማጁ የሚበላው በመረብ ነው» የሚል ነው። ልክ ነው። እኔ አጥማጁ መረቡን ጥሎ ማንኪያ ይወርውር አላልኩም። ነገር ግን መረብ አንድ ጠባይ አለው፤ ጥያቄ አይጠይቅም። የቀዳዳው ስፋት የወሰነውን ሁሉ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ባሕር ዳር ከገባ በኋላ አጥማጁ ታንኳው ወደማይደርስበት መድረስ ቻለ፤ ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነበር። ችግሩ ብዙዎቹ ባርበሶች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች ሲወጡ መረቡ አፍ ላይ መጠበቁ ነው። ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓሥር ዓመታት በባሕር ዳር ሰላጤ በኩል የእነዚህ ባርበሶች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ተጽፏል። ከዚያ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ መጣ። ይህንን ሐይቅ ነገ የሚመራው፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው ከዚህ ክፍል የሚወጣ ሰው ነው። ያ ሰው የትኛው ዓሣ የትኛውን፣ መቼና የት እንደሚበላ በእጁ ቢያውቀው እመርጣለሁ።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው። ማታለያ የሚይዘው ትልልቆቹን አዳኞች ነው፤ ከነሱም ውስጥ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት ትልልቆቹ እናቶች ናቸው። እየቀነሰ ባለ ዓሣ ላይ አርባና ሃምሳ ተማሪ መንጠቆ ይዞ ማሰማራት ምን ይባላል? መልሴ ይኸው። የመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት፤ ያን ጊዜ መንጠቆው በቀላሉ ይወጣል፣ ዓሣውም ወዲያው ወደ ውኃው ይመለሳል። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ቀርቶ ባለ አንዱ ይበቃል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት የወንዝ አፍ አጠገብ ድርሽ አይባል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ለሌላው ብቻ ስላልሆነ ትምህርት ክፍሉ የሚመለከተውን ቢሮ አስፈቅዶ ይሂድ። እነዚህ ካልተሟሉ ሙከራው በሳፋ ይቅር። በሳፋ የሚቀረውም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ትምህርት ያስተምራል።

በነገራችን ላይ ብልሃት ሁሉ ጥሩ አይደለም። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ላይ መበተንም የአባቶች ብልሃት ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አደንዝዞ ያንሳፍፋል። ከቤት የተሠራ፣ ከአገር የወጣ ስለሆነ ብቻ እንዳናሞካሸው።

የጊዜ ጉዳይ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ማታለያ ለመሥራት የፈጀብኝ ሁለት ምሽት ነው። የዓሣ የስሜት ሕዋሳት የሚለውን ምዕራፍ ለመሸምደድ ከዚያ በላይ ፈጅቶብኛል፤ «የጎን መስመር» የሚባለው አካል የውኃን እንቅስቃሴ እንደሚያነብ ጽፌ ውጤት አግኝቻለሁ። ነገር ግን በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ዓሣው ማታለያውን ከማየቱ በፊት «እንደሚሰማው» የገባኝ ከንፈሩን ሰፋ አድርጌ ስቆርጠውና ክሩ በጣቴ ላይ ሲንዘፈዘፍ ነው። ዘንግ የለኝም፤ ክሬን የምጠቀልለው በሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ነው። ጣት ደግሞ ከዘንግ የተሻለ ይሰማል።

በሁለተኛው ማታለያ አንድ ባርበስ ያዝኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ከታንኳ ላይ። ታንኳው የአንድ ሽማግሌ አጥማጅ ነበር፤ ማታለያውን ተቀብለው በጥፍራቸው ቧጨር ቧጨር አድርገው «ልጄ፣ ይኼ እኮ ማስቲካ ነው» አሉኝ። ዓሣውን ስመልሰው ግን አልሳቁም። «ለምን ደከምክ ታዲያ?» አሉ። ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ ቁጥሩ የማውቀውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰምተው፣ ድሮ በየትኛው ወር የትኛው ዓሣ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር ይነግሩኝ ጀመር። እስክንደርስ አላቆሙም። ወረቀት ስላልያዝኩ ክንዴ ላይ ነው የጻፍኩት።

ያ ማታለያ ከሁለት ሳምንት በኋላ እምቦጭ ሥር ተተብትቦ ቀረ። ክሩን የቻልኩትን ያህል ሰብስቤአለሁ፤ ናይለን ውኃ ውስጥ ከቀረ የወፍ እግር ነው የሚይዘው። አሁን ሦስተኛውን እየሠራሁ ነው። ቡሽ ስላጣሁ ከኮርች እንጨት ነው፤ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ለቢላዋ ይመቻል፣ ውኃ ግን ቶሎ ስለሚጠጣ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብቼዋለሁ። ሳፋው ውስጥ ገና ወደ ግራ ያዘነብላል። ከንፈሩ ይመስለኛል።